በሳንቲም የሚፈታ ብሎን

ከኢስትሊ ወጣ ብሎ፣ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ውስጥ የተጋጨ መኪና አቃናለሁ። አዲስ አበባ ሥራዬ ባትላሜራ ይባላል፤ እዚህ ናይሮቢ ደግሞ ሙያ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ፉንዲ ነው። ሴት ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ደንበኛ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ፉንዲው የለም እንዴ ስለሚለኝ ነው። ፉንዲው እኔ ነኝ እለዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ወደ እኔ የላከው ሰው ጋ ደውሎ ያጣራል። እኔ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወንበር ስጪኝ ብሎ ይቀመጣል።

ሰው ባትላሜራ ሲባል መዶሻ ብቻ ነው የሚታየው። መዶሻማ ማንም ያነሳል። ላሜራው ከመመታቱ በፊት መፈታት አለበት፤ ለመፍታት ደግሞ ምን እንደያዘው ማወቅ ግድ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያስተማረኝ ይህንን ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋራዡ ይወስደኝና ዓይኔን አስጨፍኖ መዳፌ ላይ ብሎን ያስቀምጣል። የምን ነው? ይለኛል። ጥርሱን በአውራ ጣቴ ጥፍር እየቧጠጥኩ የበር ማጠፊያ ነው፣ የፓራውልት ነው፣ የኮፈን ነው እላለሁ። ስሳሳት አይቆጣም፤ ያንኑ ብሎን ከሌሎች ጋር ቀላቅሎ መልሶ ይሰጠኛል። ዛሬ ጣቴ ዓይን አለው ብል ጉራ አይሁንብኝ። ይሁንብሽ ካላችሁም ይሁንብኝ።

ናይሮቢ ደግሞ ለዚህ ሙያ ትልቅ ትምህርት ቤት ናት። መኪናው ከሞላ ጎደል ያገለገለ ሆኖ ከጃፓን በመርከብ ይመጣል፤ ጃፓኖች አንድን መኪና በአንድ ዓይነት ብሎን ማሰር ነውር የሚሆንባቸው ይመስለኛል። መሐሉን በጣት ሲጫኑት ሰመጥ ብሎ የሚለቅ የፕላስቲክ ማያያዣ አለ፤ ያላወቀ ሰው በካቻቢቴ ፈልቅቆ ይሰብረዋል። ራሱ ላይ ኮከብ ተቆፍሮ፣ ኮከቡ መሐል ተራ ቁልፍ እንዳይገባ ትንሽ እሾህ የቆመበት አለ። ለማጥበቅ ብቻ የሚዞር፣ ሊፈቱት ሲሞክሩ የሚያሟልጭ አለ። በደንብ ሲጠብቅ ራሱ ተቆርጦ የሚወድቅና ሌባን ባዶ እጁን የሚሰድ አለ። እያንዳንዱን ሳየው ማንን ፈርተው ነው እንዲህ ያሰሩት ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ ከተገኘ አፈታቱም ይገኛል።

አንድ ጊዜ ኪሊማኒ የሚኖር የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ፣ የአገሬ ልጅ ነው፣ ሊገዛ ያሰበውን መኪና እንዳይለት ይዞ መጣ። ሻጩ አጠገቡ ቆሞ ይህ መኪና ጭረት እንኳን ነክቶት አያውቅም ይላል። ኮፈኑን ከፍቼ የፊት ጎኑን ላሜራ የያዙትን ብሎኖች አየሁ። የሦስቱ ራስ ላይ ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙን ተልጧል፤ አራተኛው ጭራሽ የሌላ መኪና ነው። በግራ በኩል ክፉኛ ተመትቶ ላሜራው ተቀይሯል አልኩ። ሻጩ ደሙ ፈላ፣ ደግሞ አንቺ ማነሽ ብሎ ሊያፋጥጠኝ ሞከረ። አራተኛውን ብሎን ፈትቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ በኋላ ስለ ጭረት አላነሳም።

አንድ የማልተወው ልማድም አለኝ። መኪና ስፈታ የሙዝ ካርቶን እዘረጋና የምፈታውን ክፍል ቅርፅ በጠመኔ እስልበታለሁ፤ የወጣውን ሁሉ በወጣበት ቦታ ልክ እሰካዋለሁ። የተሰበረም ቢሆን አልጥልም። መኪናው ወጥቶ አንድ ወር ሳይሞላ ካርቶኑ ከግድግዳዬ አይወርድም። ግቢው ውስጥ ያሉት ሌሎች ፉንዲዎች ይስቁብኛል፤ ብሎን ሲጠፋባቸው ግን የሚመጡት እኔ ጋ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ኋላው የተጨፈለቀ ነጭ ቫን እየነዱ ገቡ። እንደ ሌላው ፉንዲው የት አለ አላሉም። ኮፍያቸውን አውልቀው እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ ብለውኝ ነው የመጣሁት አሉኝ። ኤርትራዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አስተምረዋል፣ አማርኛቸውም እኔ ልጅ ሆኜ በሬዲዮ የምሰማው ዓይነት ነው። እዚያው ወደድኳቸው። አባባ አልኳቸው።

ቫኑ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው። ሹፌሩ ጋ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት የኋላው በር በኤሌክትሪክ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከሥሩ መወጣጫ ይዘረጋል፣ ወንበሩ ከነተቀመጠበት ሰው እየተገፋ ይገባል። የሚገፉት አባባ ናቸው፤ የሚገቡት ባለቤታቸው። እማማን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም፤ ኩላሊታቸውም ደክሞ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እጥበት አላቸው። በዚያው ቀን ከእጥበት ሲመለሱ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ከኋላ ገጭቷቸው በሩ ተጣመመ፤ አልከፈት ሲል ጎረቤት ተረባርቦ ነው በጎን በኩል ያወጣቸው። «እኔ አንስቼ ታክሲ ውስጥ ላስቀምጣት አልችልም» አሉኝ አባባ፣ እጃቸውን እያዩ። «ሐሙስ ጠዋት ካልደረሰ መሄጃ የለንም።» ሐሙስ ጠዋት ይደርሳል አልኳቸው። እኔ ይደርሳል ካልኩ ይደርሳል።

ረቡዕ በጠዋት ገባሁበት። የኋላውን የውስጥ ሽፋን በሙሉ አወረድኩ፤ የሚሰምጡትን በጣቴ፣ ባለ እሾሁን ኮከብ እኔው ሞርጄ ባዘጋጀሁት ቁልፍ፣ ሁሉንም እንደየአመሉ። ካርቶኑ ላይ ስሰካቸው ብዛታቸው እኔኑ አስገረመኝ። ከዚያ ሁሉ አንዱን ብቻ አላወቅኩትም።

በግራ በኩል፣ የእማማ ወንበር የሚቆምበት ቦታ አጠገብ፣ ትንሽ ክዳን አለች። ክዳኗን የያዘው የጠርሙስ ቆርኪ የሚያክል ግራጫ የፕላስቲክ ክብ ነው። መሐሉን አቋርጦ የሚያልፍ ሰፊ ቦይ አለው፤ ጥርስ የሚባል ነገር ግን የለውም። በግጭቱ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ተንጠልጥሏል። ሩብ ያህል ሲዞር የሚለቅ ዓይነት እንደሆነ ገባኝ፤ የሚያዞረው ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም፣ ካሉኝ ካቻቢቴዎች ሁሉ ቦዩ ይሰፋል። ከአጠገቡ በፕላስተር የተለጠፈ አንድ የኬንያ ሳንቲም ነበር። ወይ ጉድ፣ እዚህ ቦታ ሳንቲም ማን ይለጥፋል አልኩና ለባለቤቱ ልመልሰው ኪሴ ከተትኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ መፍቻውን ኪሴ ከትቼ መፍቻ እፈልጋለሁ።

ክዳኗ ስትነሳ ውስጧ ጫፉ ቀለበት የሆነ ሽቦ አለ። ብጎትተው የኋላው በር ቁልፍ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። አሃ፣ ይሄ የመካኒክ ነው አልኩ፣ ባትሪ ሲሞት በሩን የምንከፍትበት። መካኒክ ደግሞ ካቻቢቴ አያጣም። ክዳኗ ላይ በቀይ የተጻፈ ጃፓንኛ ነበር። ፎቶ ባነሳው ስልኬ ራሱ ይተረጉምልኝ ነበር፤ አላነሳሁም። ጣቴ ዓይን አለው ብዬ የለ፣ ማንበብ ምን ያደርግልኛል?

መለዋወጫ የሚሸጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ጋ ደወልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም አሉ። ታዲያ ባትላሜራ አይደለሁ? ክዳኗን በሁለት ባለ መስቀል ራስ የላሜራ ብሎኖች ጥርቅም አድርጌ አሰርኳት። እኛ ጋራዥ የተሠራ መኪና ለባለቤቱ ሲመለስ በቡጢ እየተመታ ነው የሚታየው፤ ካልተነቃነቀና ካልተንኳኳ ሥራው ሥራ ነው። አባቴ እንዲያ ነበር የሚያስረክበው፤ እኔም ከእሱ የወረስኩት ይህንኑ ነው።

ሐሙስ በጠዋት አባባ መጡ። በሩ እንደ አዲስ ተነሳ፣ ወረደ፤ መወጣጫው ተዘረጋ። ሽፋኑን ዙሪያውን በቡጢ ደቃሁላቸው። ክዳኗን ደግሞ ለብቻዋ ደቃሁና ይህቺ ተሰብራ ነበር፣ አሁን ምንም አያላቅቃትም አልኳቸው። ሳንቲሙንም ተለጥፎ አገኘሁት ብዬ መለስኩላቸው። ሳቁና ታማኝነቴን መርቀው ኪሳቸው ከተቱት። እሳቸው ነጂ ናቸው፤ ኋላ ተቀምጠው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። ገና ከጅምሩ ይቅርታ እየጠየቁ ነው። ባለቤቴ ያ ክብ ነገር ይመለስልኝ ትላለች አሉ፤ ሳንቲሙን ስሰጣት ፊቷ ተለወጠ አሉ። እኔ ያን ጊዜ የሌላ መኪና ሆድ ሥር ተኝቻለሁ። ትዕግሥቴ አጭር ነው፣ አልክድም። ሥራዬን አሳምሬ፣ ያውም በቃሌ ደርሼ፣ ስለ አንድ ስባሪ ፕላስቲክ ስጠየቅ ከነከነኝ። «አባባ፣ እንዲያውም ጠንክሮላቸዋል» አልኩ። «እኔ ያሰርኩት አይፈታም ብለው ይንገሯቸው።» አባባ ሰው መጫን አያውቁም፣ እሺ ልጄ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ይበሉ ብያቸው ስልኩን ዘጋሁት።

ሰኞ ዕለት ቫኑ ተመልሶ መጣ። የሚነዳው ጎረቤታቸው ነው። አባባ ከጎኑ ተቀምጠዋል፣ በአራት ቀን ከስተዋል፤ በሹፌሩ በር መስታወት ቦታ ላስቲክ ተለጥፏል። መስታወት ልታስገጥሙ ነው? ብዬ በደስታ ተቀበልኳቸው። ጎረቤትየው የኋላውን በር ከፈተና እማማን ከነወንበራቸው አወረዳቸው። ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን በሻሽ የጠቀለሉ፣ ሰውን ትክ ብለው የሚያዩ ሴት ናቸው። የአፋቸው አንድ ጎን ስለማይታዘዝላቸው ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ የሚያቋርጣቸው ግን የለም።

የነገሩኝ ይህ ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ከእጥበት ሲመለሱ፣ ሁርሊንግሃም ቤታቸው ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ አባባ ዳር ይዘው ቆሙ። ስኳር አለባቸው፤ እማማን ሲጠብቁ ምሳ አልቀመሱም። ሞተሩን አጠፉና መሪው ላይ ተደፉ። በሮቹ ተቆልፈዋል፤ ናይሮቢ ውስጥ በር ሳይቆልፍ የሚነዳ ማን አለ። እማማ ጠሯቸው፣ አልመለሱም። ወንበራቸው ከወለሉ ጋር ታስሯል፣ የኋላው በር መክፈቻም ያለው ሹፌሩ ጋ ነው። ሌላው መክፈቻ በግራ እጃቸው በኩል ያለችው ክዳን ነበረች። ቫኑን የገዙ ሰሞን እማማ ቀዩን ጽሑፍ አስተርጉመውታል፦ አደጋ ሲደርስ ከውስጥ በሳንቲም አዙረው ይክፈቱ ይላል። ሳንቲሙን አጠገቧ የለጠፉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። አባባ እንዳይጨነቁ ብለው አልነገሯቸውም።

እጃቸውን ወደ ክዳኗ ሲልኩ ያገኙት የእኔን ሁለት ብሎኖች ነው። ሳንቲም በመስቀል ራስ ውስጥ አይገባም። በጥፍራቸው ሞከሩ፤ የመሐል ጣታቸው ጥፍር ተገንጥሎ ነበር፣ አሳዩኝ። ሲያቅታቸው በሳንቲሙ መስታወቱን ይቆረቁሩ ጀመር። መንገዱ በጥሩምባ ተሞልቷል፤ ማን ይስማቸው። ባላቸው ፊት ለፊታቸው ተደፍተው፣ እሳቸው ሲቆረቁሩ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አያውቁም። በመጨረሻ በቆሎ የምትጠብስ አንዲት ሴት ሰምታ መጣች፤ የሹፌሩን መስታወት በድንጋይ ሰብራ ከፈተች፣ ለሻይዋ ከያዘችው ስኳር ቆንጥራ የአባባን ከንፈር ውስጡን አሸችላቸው። ሆስፒታል የደረሱት ዓይናቸውን ከገለጡ በኋላ ነው።

አባባን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ እሳቸው ደግሞ እኔ እንዳላፍር ብለው ነው መሰል የግቢውን አጥር ይመለከታሉ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙኝ።

«ያንቺ ብሎን ጠንካራ ነው፣ ልጄ። ውሸት አልተናገርሽም፣ አይፈታም። እኔ ግን ያለኝ አንድ እጅ ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ማንን ፈርተው አሰሩት እያልኩ ስፈታ ኖሬ፣ ማንንም ሳይፈሩ፣ ሰው እንዲወጣበት ብለው የሠሩት ሲገጥመኝ አላወቅኩትም። ጭራሽ ስሕተቴን በቡጢ እየደቃሁ ተመርቄበታለሁ። እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት፤ እማማ የመጡት ለእኔ እንባ አይደለም። አሁኑኑ ይሠራል፣ ሳይሠራ ከዚህ አትወጡም አልኳቸው።

ካርቶኑን ከግድግዳ አወረድኩ። ሁለቱ ስባሪዎች በቦታቸው ተሰክተው ነበር። በፕላስተር አገጣጥሜ መረመርኳቸው፤ ከጀርባው አጭር እግር አለው፣ እግሩን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ዘንግ ክዳኗ ሥር ገብቶ ሩብ ሲዞር ይቆልፋል። ነገሩ ይኸው ነው። ከግቢው ፊት ለፊት ምግብ የምትሸጠው ሴት ጋ ሮጬ ወፍራሙን የፕላስቲክ መክተፊያዋን ለመንኳት፤ ለምን እንደሆነ ስነግራት አጥባ ሰጠችኝ። ከእሱ ክቡን በብረት መጋዝ ቆረጥኩ፣ ሞርሳ ላይ አስሬ በሞረድ አለሰለስኩ፣ እግሩን ቀረፅኩ፣ ዘንጉን ከብስክሌት ጎማ ሽቦ አወጣሁ። ቦዩን ስቦረቡር የእማማን ሳንቲም ተቀብዬ በእሱ እየለካሁ ነው። ጥፋተኛ ብሆንም እጄን አላማም፤ ከፋብሪካው ባይበልጥ አያንስም። ገጥሜው ስጨርስ በልማድ ቡጢዬን አነሳሁና፣ ክዳኗ ጋ ሳይደርስ መልሼ አወረድኩት።

እማማ ይሞክሩት ብዬ መወጣጫውን ስዘረጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺ ግቢ» አሉኝ። «ቀኝ እጅሽ ላይ ተቀመጪበት።»

የቀለም ቆርቆሮ ገልብጬ ወንበራቸው የሚቆምበት ቦታ ተቀመጥኩ፤ ቀኝ እጄን ከጭኔ ሥር አደረግኩ። ሳንቲሙን ግራ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ጎረቤትየው በሩን ዘጋ፣ ሁሉንም ቆለፈ። ፀሐይ የመታው መኪና ነው፣ ወዲያው ያፍናል። ሳንቲሙን ቦዩ ውስጥ ላቆም ስል አመለጠኝ፣ ተንከባሎ ከቆርቆሮው ጀርባ ገባ። በአንድ እጅ ዞሬ አልደረስኩበትም። ሃያ ምናምን ዓመት መኪና የፈታሁ ሴት! ቀኝ እጄን ላወጣ ስል ቀና አልኩ፤ እማማ በመስታወቱ እያዩኝ ነው። መልሼ ተቀመጥኩበት። በጫማዬ ጫፍ ጎትቼ እንደምንም አነሳሁት፤ እሳቸው ግን የሚጎትት እግር እንኳን እንደሌላቸው ያኔ ነው ያሰብኩት። በሁለተኛው ሙከራ ክቡ ዞረ፣ ክዳኗ ለቀቀች፣ ሽቦውን ሳብኩ፣ በሩ ተነሳ። ላብ አጥምቆኝ ወጣሁ።

ሳንቲሙን ሞርሳ ላይ አስሬ ዳሩን በሳሁት። ጠንካራ ክር አስገብቼ ከክዳኗ ጎን አንጠለጠልኩት፤ ቢወድቅ እንኳን ከእጃቸው እንዳይርቅ። በዚህ መሐል አባባ ማንም ሳይጠይቃቸው ገብተው ቆርቆሮው ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላ ሆነው የራሳቸውን የነጂ ወንበር ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ በግራ እጃቸው ሳንቲሙን ያዙና አንድ ጊዜ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ መኪና ሲመጣልኝ፣ ካርቶኑን ከመዘርጋቴ በፊት፣ በየወንበሩ ገብቼ እቀመጣለሁ። እጄን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እልካለሁ፤ የማላነበው ጽሑፍ ካለ ስልኬን አወጣለሁ። ደንበኛ ይገረማል፣ አንዳንዱ ልትተኚ ነው ወይ ብሎ ያሾፍብኛል። ወንበር ስጪኝ እስኪለኝ እጠብቀዋለሁ።

ያን ሰኞ በመጨረሻ እማማ ገቡ። ወንበራቸው ከታሰረ በኋላ ዝጉብኝ አሉ። ዘጋን። በውጭ ሆነን የምንሰማው የሳንቲሙን መፋተግ ብቻ ነበር። በሩ ተነሳ። እንደገና ዝጉ አሉ። ተነሳ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ፣ ሳንቲሙ በክሩ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ጎበዝ ይሉኝ ይሆን ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ፤ እንዲህ ነኝ እንግዲህ። እሳቸው ግን የሚያዩት ከኋላዬ የቆሙትን አባባን ነው።

«እሱን ምሳ አብዪልኝ» አሉኝ። «ዛሬም አልበላም።»

የአባባን ክንድ ያዝኩና መክተፊያ ወደሰጠችኝ ሴት ይዣቸው ተሻገርኩ።